የጠርዙ መስመር

የኖራ ፋብሪካው ካቦ ወደ ቀራፂው ሱቅ የመጣው ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ ነው። አንዱ የቀራፂው ልጅ ነበር። ጉልቤ ይሉታል፤ በልጅነቱ አውራ ዶሮ አባሮት እያለቀሰ ቤት ስለገባ የወጣለት ስም ነው። ሁለተኛው ፊሽካ ነው፤ ባሏ የሞተባት የአንዲት ሴት አንድያ ልጅ። አፉ ምግብ ካልያዘ ያፏጫል። የቀራፂውን ሴት ልጅ ሊያገባ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር። ሁለቱ ልጆች ቁመታቸው አንድ፣ ትከሻቸው አንድ። ኖራ ለብሰው ሲወጡ እናቶቻቸውም ተጠግተው ካላዩ አይለዩዋቸውም ነበር።

«ጋሼ» አለ ካቦው፣ «አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሰሌዳ ይሥሩልን። ለየሠራተኛው አንድ አንድ፣ ቁጥር ያለበት።»

«ምን ሊያደርግላችሁ?»

«ጉድጓዱ ክፉ ነው። ባለፈው አንድ ሰው ሲሰምጥብን ማን እንደጎደለ ለማወቅ ስም ስንጠራ ዋልን።»

«ከብት ናችሁ በለና» አለ ፊሽካ። «ከብት እንኳ ጆሮው ላይ ነው የሚደረግለት።»

ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል፣ «ያንተ ጆሮማ ሰሌዳ ያንሰዋል፤ የሱቅ በር ይሸከማል» አለችው።

ጉልቤ ሳቀ። ፊሽካ ጆሮውን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ «ገና ሳታገባኝ ንብረቴን ትቆጥራለች» አለ። ቀራፂው ግን አልሳቀም። እሱ ሥራ ሲመጣ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ተነሥቶ ከመደርደሪያው ቁርጥራጭ ብረታ ብረቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ደንበኛ ምን ይጻፍ ብሎ ያስባል፤ እሱ መጀመሪያ በምን ላይ ይጻፍ ብሎ ያስባል።

ነሐሱን አነሣ። «ይሄ ጨዋ ነው። መሮ ይቀበላል፤ አንዴ የተቆረጠበትን አይረሳም።»

ጉልቤ በመዳፉ መዘነው። «አባዬ፣ ቀኑን ሙሉ ይሄን አንጠልጥለን? ደግሞ ላብ ሲነካው አንገት አረንጓዴ ያደርጋል።»

«ያንተ አንገት ቀለም ካገኘ ምን ከፋው? ታጥቦ አያውቅ» አለች እህቱ።

ስቴንለሱን አባትየው ራሱ ገፋው። ጠንካራ ነው፤ መሮ ያደነዝዛል፤ አንድ ቁጥር ቆርጦ ተነሥቶ መሳል፣ ሌላ ቁጥር ቆርጦ ተነሥቶ መሳል ነው። መዳቡንም ተወው፤ ከነሐሱ ይልቅ ለስላሳ ነው፣ ኪስ ውስጥ ቁልፍ ቢነካው ይጫራል። መጨረሻ ላይ አሉሚኒየሙ ቀረ። ነጭ፣ ቀላል፣ እጅ ላይ ሲያዝ ያለ አይመስልም።

«ይሄ ለመሮ ሙጫ ነው» አለ ቀራፂው። «ይጣበቃል፤ ይቀደዳል። ነጭ ጋዝ እያጠጣህ ካልሄድክ በቀር እሺ አይልም።»

«ለጢንዚዛዬ ግን ቅቤ ነው» አለች ልጅቷ።

ጢንዚዛ ያለችው በእጅ የሚያዘውን የኤሌክትሪክ መቅረጫ ነው። እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ያለ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ ጠንካራ መርፌ አለው፤ ሲያበሩት እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። አባትየው መሮ እንጂ ሌላ አይዝም። የሱ መሮ አጭር ብረት ነው፤ እጀታው እንደ እንጉዳይ ክብ ሆኖ መዳፍ ውስጥ ይቀመጣል። በመዳፍ ይገፉታል፤ ብረቱን እየፈለቀቀ ይሄዳል፤ የሄደበት ቦይ ይሆናል። ጢንዚዛው ግን አይፈለቅቅም። መስመር የሚመስለው ሁሉ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጎን ለጎን የተወጋ ነጥብ ነው። ቀራፂው ስለዚህ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «መሮ ያርሳል፣ ጢንዚዛ ይወጋል»። ሲለው ደግሞ የትኛውን እንደሚያከብር ድምፁ ይናገራል።

አሉሚኒየም እንዲሆን ተስማሙ። ካቦው ቅለቱን ወደደው፤ ልጆቹም ወደዱት። ቀራፂው ግን ሳይፈትን አይቆርጥም። ቁራጩን ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ነክሮ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ቀለበት ሲቀርፅም፣ የአንገት ሐብል ሲቀርፅም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ሰው ገላ ላይ የሚውል ነገር ጠላቱ ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ጨው ነው። ሰንበት ብሎ ሲያወጣው ቁራጩ እንደነበረ ነበር። ልጅቷም አይታ «ደኅና ነው» አለች። ሁለቱም ዕድሜያቸውን የሰው ጣትና የሰው አንገት ሲያስቡ የኖሩ ናቸውና ሰሌዳው ከአንገት ሌላ የት ሊውል እንደሚችል አላሰቡም። ኖራ ውኃ ሲጠጣ አሉሚኒየምን እንደሚበላ የሰሙት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ መስማቱ ምን ይረባል።

ሥራውን ተካፈሉት። ገሚሱን እሱ በመሮ፣ ገሚሱን እሷ በጢንዚዛ። በየሰሌዳው መካከል ቁጥር፤ ዙሪያውን በጠርዙ አንድ ቀጭን መስመር። ካቦው «መስመሩ ይቅር፣ ጊዜ አትፍጁ» ብሎ ነበር። ቀራፂው አልሰማውም። «ጠርዝ የሌለው ጽሑፍ አጥር እንደሌለው ግቢ ነው» አለ። የጉልቤን ቁጥር ካቦው ከሰጣቸው ዝርዝር ፈልጎ ወደ ራሱ ድርሻ ሳበው፤ ለማንም አልተናገረም። ልጅቷ አየችው። እሷም የፊሽካን ሳበች።

«ያንቺን ጣጣ አንቺው ውጊ» አላት አባቷ። ያን ቀን ከቀለደ የቀለደው ይሄን ብቻ ነው።

*

ዝናቡ ብዙ ቀን ዘነበ። ፋብሪካው ውስጥ የተቃጠለው ድንጋይ ውኃ የሚጠጣበት ትልቅ ጉድጓድ አለ። ድንጋዩ ውኃ ሲነካው ይፈላል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ከፈላ በኋላ እንደ ወፍራም አጥሚት ሆኖ ይተኛል። ከጉድጓዱ ሥር የውኃ መውጫ ቱቦ ነበር። ቱቦው ተደፈነ። ከቀትር በኋላ ጉልቤና ፊሽካ መውጫውን ሊከፍቱ ወረዱ። ዝናብ የጠገበው ግንብ እላያቸው ላይ ተደረመሰ። ግንቡ የያዘው ፍል ኖራም ተከትሎ ወረደ።

ልጅቷ ወሬውን የሰማችው መስታወት ላይ አበባ እየቀረፀች ሳለ ነው። መሣሪያውን ሳታጠፋ ወጣች። አባቷ ከኋላዋ አጥፍቶት ተከተላት።

ሲደርሱ ሰዎቹ በረጅም ሜንጦ አንዱን አውጥተው ነበር። ሁለተኛውን ለማውጣት ሲሞክሩ የቀረው ግንብ መናድ ጀመረ፤ ካቦው ሁሉንም ከጉድጓዱ አፍ አባረራቸው። የወጣውን ወደ ዕቃ ቤት ወስደው ሸራ አልብሰውታል። ልጅቷ ሸራውን ልትገልጥ ስትል አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ እጇን ያዛት።

«ተዪው ልጄ። ፊት የለም።»

ፊት አልነበረም። ገላውም ቢሆን የማን እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ልብሱ የፋብሪካው ነው፤ ጫማው የፋብሪካው ነው። ሁለት እናቶች መሬት ላይ፣ በሸራው ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። የልጅቷ እናት ትጮኻለች። የፊሽካ እናት አይጮኹም፤ ሸራውን ከላይ እስከ ታች እያዩ ነው፤ ልክ ወስደው ሊሰፉት እንደያዙት ጨርቅ።

«የኔ ነው» ትላለች የልጅቷ እናት። «ትከሻው የሱ ነው። የኔ ልጅ ነው፣ ስጡኝ!»

«ትከሻማ የኔም አለው» አሉ የፊሽካ እናት።

ካቦው ቀራፂውን በክንዱ ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው። ልጅቷም ሄደች። ካቦው ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታው። ውስጡ ሰንሰለትና ከሰሌዳው የተረፈው ቁራጭ ነበር። ኖራው ቁጥሩን በልቶታል። የቀረው ሰንሰለቱ የሚገባበት ቀዳዳና በቀዳዳው ዙሪያ ያለ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነ ብረት ነው። እሱም እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቷል።

«ጋሼ» አለ ካቦው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከኖራው ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «የእርስዎ ሥራ ነው። እኛ ምንም አልታየንም። እስቲ ይዩት። የማን ነው?»

«ሌላኛውስ?» አለ ቀራፂው።

«ሌላኛው አይወጣም። ግንቡ መናዱን አላቆመም። ጉድጓዱ በድንጋይና በአፈር ሊሞላ ነው፤ አለቆቹ ወስነዋል።»

ቀራፂው አጉሊ መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ሰው ወደ አደጋ ሲሮጥ መነጽር አይዝም፤ እሱ ግን ከኪሱ አይለየውም ነበር። ቁራጩን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ከቀዳዳው በታች፣ ቁጥሩ ከነበረበት ርቆ፣ የጠርዙ መስመር ቅንጣት ቀርታለች። ካቦው ጊዜ አትፍጁ ያለባት መስመር ናት። በሁሉም ሰሌዳ ላይ አንድ ዓይነት ናትና ለሌላ ሰው ምንም አትናገርም። ለቀራፂውና ለሴት ልጁ ግን ትናገራለች። ቦይ ከሆነች በመሮ የታረሰች ናት፤ ጉልቤ ነው። ነጥብ ከሆነች የጢንዚዛው ናት፤ ፊሽካ ነው። ሁለቱን ሰሌዳዎች ሌላ እጅ አልነካቸውም።

አየ። ብዙ አየ። ከዚያ መነጽሩንም ቁራጩንም ለልጁ ሰጣት። 

ልጅቷ አየች። ኖራው የበሳው እዚህም እዚያም ተበታትኗል፤ ትልቅ አለው፣ ትንሽ አለው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። ጎን ለጎን የተሰደሩ፣ አንድ ልክ የሆኑ፣ ተራቸውን ያልሳቱ ነጥቦች። ቀዳዳው ጋ ሲደርሱ ትንሽ ጠበቅ ብለዋል። እዚያ ጋ እጇን ቀስ እንዳደረገች አስታወሰች፤ ቀዳዳው ውስጥ እንዳትንሸራተት ፈርታ ነበር። ራሷ የወጋችው ነው። ሸራው ሥር ያለው ፊሽካ ነው።

ቀና ስትል አባቷ እያያት ነበር። ዓይኑ ምንም አልጠየቃትም፤ የሚያውቀውን አውቃ እንደሆነ ብቻ አየ። አወቀች። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ሸራውን አቅፋ ግንባሯን አስደግፋበታለች።

«የኔ መሮ ነው» አለ ቀራፂው። ድምፁ አልተሰበረም። «ልጄ ነው።»



ካቦው ወደሷ ዞረ። «አንቺስ፣ እህቴ? አይተሻል አይደል?»

ሁሉም አዩዋት። እናቷ ፊቷን ከሸራው አንሥታ እየዳኸች ቀረበቻት። ከጉልበቷ በታች የእናቷ እጅ ቀሚሷን ጨብጧል፤ መቼ እንደጨበጠው አላወቀችም። ከማዶ የፊሽካ እናት ቀና ብለው ይጠብቃሉ።

«አባዬ ያለው ነው» አለች ልጅቷ።

ውሸት አይደለም ብላ ኋላ ራሷን ልታጽናና ሞክራለች። አባዬ ያለው ነው ነው ያልኩት፤ ያየሁት ነው አላልኩም። ነገር ግን ቃል ሲወጣ የሰማው ሰው የሚሰማውን ይሰማል እንጂ የተናገረው ያሰበውን አይሰማም።

የፊሽካ እናት ከመሬት ተነሡ። ቀሚሳቸውን የነካውን ኖራ አራገፉ።

«እንግዲያው የኔው አለ» አሉ።

«እማማ» አለ ካቦው፣ «ሁለቱም ናቸው የወረዱት።»

«አንተ አየህ?»

«እኔ እንኳ ቢሮ ነበርኩ። የፓምፑ ሠራተኛ ነው ያየው።»

የፓምፑን ሠራተኛ ጠሩት። ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆመ። «ሁለት ሰው ያየሁ መሰለኝ» አለ። «ጭሱ ብዙ ነበር።»

«መሰለህ?»

«መሰለኝ እማማ።»

«መሰለኝ ሰው አይቀብርም» አሉ የፊሽካ እናት። «ልጄ ብልጥ ነው። ግንቡ ሲናድ ዘሎ ወጥቷል። ደንግጦ ሸሽቷል። በሌላው ሞት እንዳይጠየቅ ፈርቶ ሄዷል።» ከዚያ ለሐዘንተኛዋ እናት ጎንበስ ብለው፣ «እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» አሉ፤ ቀጥ ብለውም ወጡ።

*

በማግሥቱ ቀበሩት። ልጅቷ በእህት ቦታ ቆመች። የመጣው ሰው ሁሉ «ወንድምሽን» እያለ አጽናናት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ለወንድሟም እንባ ነበራት፤ ለፊሽካም እንባ ነበራት፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን መለየት አቃታት፤ ስለዚህ አላለቀሰችም። ሰዎቹ «ምነው ደረቀች» አሉ። እጮኛዋ በሕይወት ስላለ ነው ያሉም ነበሩ።

ለቅሶው ጋብ ሲል አባቷ ሱቁን ከፈተ። ገብታ በሩን ዘጋችው።

«ነጥብ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«እኔ ነኝ የወጋሁት።»

«አውቃለሁ። ቀዳዳው ጋ ቀስ ትያለሽ። ሁሌም።»

 ተቀመጠች።

«ታዲያ ለምን?»

ቀራፂው መሮውን አንሥቶ መሳያ ድንጋዩ ላይ ዘይት ጠብ አደረገ። መሳል ጀመረ፤ የሚቆረጥ ሥራ ግን ፊቱ አልነበረም። «እናትሽን አይተሻታል። ባዶ እጇን ቤት ትገባ ነበር? ጉድጓዱ አፍ ላይ ትተኛ ነበር። እነሱ ድንጋይ ሲያፈሱበት እሷም አብራ ትገባ ነበር። አውቃታለሁ፤ የኔ ሚስት ናት።»

«የሳቸውስ ልጅ? ልጃቸውን ነው የወሰድንባቸው።»

«ተስፋ ሰጥተናቸዋል።»

«የውሸት!»

«ተስፋ ሁሉ እንደዚያው ነው።» መሮውን አቆመ። «እኔስ ምን ወሰድኩ ብለሽ ነው? ልጄ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ። የዛሬ ሳምንት መኪናዎቹ ድንጋይ ይዘው ሲያልፉ በዚህ በር ነው የሚያልፉት። ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

 የተናገረው እውነት ነበር፤ ያደረገው ግን ልክ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ላይ የምታስቀምጥበት ቦታ አላገኘችም።

ከዚያ የመቃብሩ ጽሑፍ ነገር መጣ። እናትየው በየቀኑ «ምልክት አድርጉለት» ትላለች። ቀራፂው ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣውላ አስቀመጠ፤ ነጭ፣ ለስላሳ እንጨት። ልጅቷ አይታ ገረማት። በዚያ ሱቅ ውስጥ ለውጭ የሚሆን ሥራ በእንጨት ተሠርቶ አያውቅም። አባቷ ለውጭ እንጨት አልቆርጥም ብሎ ስንቱን ደንበኛ መልሷል። መሮውን ይዞ እንጨቱን ገና ጫር ጫር ሲያደርገው ገባት። ጥልቀት የለውም። ቀለም የለውም። ሁለት ክረምት ቢያልፍበት የሚነበብ ነገር አይቀርም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የማይጠፋ ነገር ሲመርጥ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ቶሎ የሚጠፋውን እየመረጠ ነው።

እናትየው ምሳ ይዛ ስትመጣ አየችው። ሰሃኑን አስቀመጠች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሱ ነው» አለ ባሏ።

«እንጨት?» ወደ ጣውላው ጠጋ አለች። በጣቷ ዳበሰችው። «ሰው ድመት ሞተችብኝ ብሎ ሲመጣ እንኳ ድንጋይ ነው የምትቆርጠው! ለልጄ የሳጥን ክዳን?»

«ለጊዜው ነው።»

«ጊዜው የቱ ነው? ሌላ ልጅ ልትወልድለት ነው?» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ጥቁሩን ድንጋይ። ያንን ከግድግዳው ሥር ያለውን። ጠልቆ ይቆረጥ። ጣቴ እንዲገባበት እፈልጋለሁ፤ ዓይኔ ሲጠፋ በጣቴ አነባለሁ። አንተ ካልቆረጥክ እሷ ትቆርጣለች።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባቷ ተነሣ። ጥቁሩን ድንጋይ ብቻውን ተሸክሞ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ትልቁን መሮና መዶሻውን አነሣ።

«እኔ እቆርጣለሁ» አለ። «እሷ አትነካውም።»

ብዙ ቀን ፈጀበት። እናትየው አጠገቡ ተቀምጣ፣ ፍርስራሹን በእጇ እየጠረገች፣ «ጨምርበት» ትላለች። ይጨምራል። በሥሩ ያልተቀበረን ሰው ስም ድንጋይ ላይ እንደዚያ ጠልቆ የቆረጠ ሰው ካለ እሱ ነው። ያን ሰሞን መኪናዎቹ ድንጋይና አፈር ጭነው በሱቁ በር ያልፉ ነበር። አንዱ ሲያልፍ መዶሻው ይቆማል። መኪናው ካለፈ በኋላ ይቀጥላል። እናትየው «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው፣ «ጠረጴዛው ይነቃነቅብኛል» ይላታል።

*

የመጨረሻው መኪና ያለፈ ዕለት ልጅቷ ወደ ፊሽካ እናት ቤት ሄደች። መንገዱን ሁሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ሄደች። ሴትየዋ እውነቱን የማወቅ መብት አላቸው፤ የልጃቸው መቃብር አለ፤ የት እንደሆነ ማወቅ አለባቸው። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ። ይጮኹ፣ ካቦውን ይጥሩ፣ አባቷን ያዋርዱት። ለእናቷ የሚሆነውን ማሰብ አልቻለችም፤ ልታስበው ስትጀምር ሐሳቧን ታጥፈዋለች።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የፊሽካ እናት መስኮቱ አጠገብ ልብስ ታቅፈው ተቀምጠዋል። አልጋው ተነጥፏል፤ አንሶላው የታጠበ ነው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ግቢ፣ ግቢ! ጠፋሽብኝ። ሐዘንሽን አውቃለሁ ብዬ ነው ያልጠራሁሽ። እንዴት ናት እናትሽ? ምግብ ትቀምሳለች?»

«ደኅና ናት።» ልጅቷ አልተቀመጠችም። «እማማ፣ የምነግርዎ አለኝ።»

«ቁጭ ብለሽ ንገሪኛ። ሰው ቆሞ የሚናገረው ክፉ ነገር ነው።»

«ሰሌዳው...» አለች። ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። «ሰሌዳው ላይ ያለው የአባዬ መሮ አልነበረም። ነጥብ ነው። የኔ መሣሪያ ነው። እኔ የሠራሁት ሰሌዳ ነው። የተቀበረው ጉልቤ አይደለም፣ እማማ። የተቀበረው...»

«ዝም በይ» አሉ የፊሽካ እናት።

«የተቀበረው የርስዎ...»

«ዝም በይ አልኩሽ!» ተነሡ። ትንሽ ሴት ናቸው፤ ሲነሡ ግን ልጅቷ ወደ ኋላ አለች። «ነጥብ? በነጥብ ነው ልጄን የምትቀብሪልኝ? ኖራ የበላውን ብረት አይተሽ? ያ ሰውዬ አባትሽ ነው፤ ከሁሉም በላይ ዕቃውን ያውቃል፤ በሰው ፊት መሮዬ ነው ብሏል። አንቺም አዎ ብለሻል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ዋሸሁ።»

«ያን ጊዜ ዋሸሽ ወይስ አሁን?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደተነጠፈው አልጋ መለሰች።

«ታየ እኮ» አሉ የፊሽካ እናት። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እንደሚለምን ሰው ሆነ። «ባቡር ጣቢያው ያለው ዕቃ አውራጅ አይቶታል። ፊቱን በጨርቅ ሸፍኖ ሲሳፈር። እያፏጨ ነበር አለኝ። ሌላ ማን ያፏጫል? ማን ያፏጫል፣ ንገሪኝ?»

«ሰው ሁሉ ያፏጫል፣ እማማ» አለች ልጅቷ። ወዲያው ደግሞ ምነው ባላልኩት ብላ ተመኘች።

የፊሽካ እናት እንደ ተመታ ሰው ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ። አያያዛቸው ጠንካራ ነበር።

«ስሚኝ ልጄ። ይሄን ነገር ለማንም ብትናገሪ እኔ ከሁለቱ አንዱን አጣለሁ። ወይ ልጄን፣ ወይ እሱን የምጠብቅበትን ጉልበት። እናትሽ ቀበረች፤ ልቧ አረፈ። የኔን ልብ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። አንቺ ምን አገባሽ?»

«እጮኛዬ ነው» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው ጠብቂዋ!» አሉ። «እጮኛ የሚጠበቅ ነው። ከመንገድ ሲመጣ የት ናት ሲለኝ ምን ልበለው? ሞተሃል ብላ ሄደች ልበለው? ቁጭ በይ።»

ልጅቷ በሩን አየች። ከዚያ ውጭ እውነቱን የሚፈልግ ሰው ፈለገች፤ ካቦውን አሰበች፤ አባቷን አሰበች፤ ጥቁሩን ድንጋይ በጣቷ የምትዳብሰውን እናቷን አሰበች። ማንም አልነበረም። የተቀበረውን ከአባቷ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት፤ ልታለቅስለት ግን የምትቀመጥበት ቤት የለም።

ተቀመጠች።

የፊሽካ እናት ታቅፈውት የነበረውን ልብስ ጉልበቷ ላይ አኖሩት። የሱ ሱሪ ነው፤ ተተኩሷል። መርፌና ክር ሰጧት።

«መንገድ ያከሳል» አሉ። «ሲመጣ ይሄ አይሆነውም። ወገቡን አጥብቢለት።»

ልጅቷ ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባች።

«ምን ያህል ላጥብበው?»

የፊሽካ እናት ጎንበስ አሉ፤ ወገቡን በሁለት ጣታቸው ቆንጥጠው ያዙላት።

«ይሄን ያህል» አሉ። «ብዙ አትቁረጪ፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ይወፍራል።»